የክርክር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ እንሂድ ወይስ እንቅር?

የክርክር ክበባችን ዘንድሮ ስምንት ርዕሶችን አንስቷል። ሰባቱን እዘላቸዋለሁ። ስለ አንዱ ግን መጻፍ አለብኝ፤ ሦስት ሳምንት ይበቃዋል ብለን የጀመርነው ክርክር ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት በሙሉ ይዞን ቆይቷል። ርዕሱ እንዲህ ይላል፦ «ሰብአዊ መብት በሚረገጥበት አገር በሚዘጋጅ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ አለመገኘት ተገቢ ነው።» (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የመጀመሪያው ቀን ነገሩ ቀላል መስሎ ነበር። ደጋፊው ወገን በ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ጀመረ። ሂትለር አገዛዙን ለዓለም ያሳመረበት ድግስ ነው። አሜሪካ ውስጥ «አንሂድ» ያሉት በጥቂት ድምፅ ተሸንፈው ቡድኑ ሄደ። ተቃዋሚው ወገን ደግሞ በዚያ ኦሊምፒክ ያሸነፈውን ጥቁር አሜሪካዊ ሯጭ ጄሲ ኦውንስን አነሳ። አራት ወርቅ! ባይሄድስ ኖሮ? ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። እኔን ግን ጭብጨባው አላስደሰተኝም። ሁሉም የያዘውን ተናግሮ ተቀመጠ እንጂ ማንም ማንንም አልሰማም።

ያነቃን የ1976ቱ ሞንትሪያል ነው። በሰኔ ወር የአፓርታይድ (የዘር መድልዎ) አገዛዝ በነበረባት ደቡብ አፍሪካ ፖሊስ በሶዌቶ በተቃውሞ በወጡ ጥቁር ተማሪዎች ላይ ተኮሰ። በዚያው ሰሞን የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን እዚያው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ይጫወት ነበር። የአፍሪካ አገሮች «ኒውዚላንድ ከኦሊምፒኩ ትውጣ» አሉ። ራግቢ የኦሊምፒክ ስፖርት አይደለም ተባሉ። ከሃያ በላይ አገሮች ቀሩ፤ ኢትዮጵያም ቀረች።

እስከዚያ ቀን ትንፍሽ ብላ የማታውቅ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ተነሳች። ጠመኔ አንስታ ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፈለችው። በግራ «የወሰነ»፣ በቀኝ «የከፈለ» ብላ ጻፈች። በቀኙ ሥር ምሩፅ ይፍጠር፣ ቀጥሎ ፊልበርት ባዪ። ታንዛኒያዊው ባዪ ያኔ የ1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ነበር። ከኒውዚላንዱ ጆን ዎከር ጋር ዓለም ሲጠብቀው የነበረው ሩጫ ቀረ፤ ወርቁን ዎከር ወሰደው። ምሩፅ አራት ዓመት ታግሶ በሞስኮ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አገኘ። «ስንቱ ሯጭ ነው አራት ዓመት መጠበቅ የሚችለው?» አለች። «በግራ በኩል ያሉት ደግሞ ምን እንደቀረባቸው ፈልጌ አጣሁ።»

ዝም አልን። ከደጋፊው ወገን አንድ ልጅ ቀስ ብሎ ወጣና ሦስተኛ ረድፍ ጨመረ፦ «የተበደለ»። «የሶዌቶ ልጆች የት አሉ? እኛን ያክሉ ነበር» አለ።

ከዚያ በኋላ የተከራከርነው ሁሉ በዚያ ረድፍ ላይ ነው። ተበዳዮቹ ራሳቸው ምን ብለው ነበር? የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ላይ መልሱ ግልጽ ነው። ገጣሚው ዴኒስ ብሩተስ አገሩ ከኦሊምፒክ እንድትታገድ ታግሏል፤ በሮበን ደሴትም ታስሯል። ደቡብ አፍሪካ ከ1964ቱ ቶኪዮ ጀምሮ እስከ 1992 ከኦሊምፒክ ውጭ ሆና ቆየች። በ1980 ግን አሜሪካና ሌሎች በርካታ አገሮች ሶቪየት አፍጋኒስታንን በመውረሯ የተነሳ ከሞስኮ ቀሩ። የሶቪየት ጦር ከአፍጋኒስታን የወጣው በ1989 ነው። በ1984 ሶቪየት ብድሯን በሎስ አንጀለስ መለሰች፤ ኢትዮጵያም እንደገና ቀረች። እዚህ ላይ እኔም አቋም አለኝ፤ ለልጆቹም አልደበቅኩም። ተበዳዩ የጠየቀው፣ ብዙዎች ተባብረው ለረጅም ጊዜ የያዙት እገዳ ያሠራል። መንግሥታት ለመጠዛጠዝ የሚያደርጉት ግን የአትሌቱን ዕድሜ መብላት ነው።

ስለ ኳታሩ የ2022 የዓለም ዋንጫ አንድ ቀን ብቻ ነው ያነሳነው፤ የስደተኛ ሠራተኞቹ ጉዳይ ከዚያ በላይ ይገባው ነበር። ጊዜ አጠረን።

በመጨረሻው ስብሰባ የ1992ቱን የባርሴሎና 10 ሺህ ሜትር አብረን አየን። ደራርቱ ቱሉ አንደኛ፣ ነጯ ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ሁለተኛ ወጡ። ከዚያ ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩት። ልጆቹ ያንን ዙር ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

የመጪው ዓመት የመጀመሪያ ርዕሳችን ከወዲሁ ተመርጧል፦ በ2022ቱ የቤጂንግ የክረምት ኦሊምፒክ እንደታየው፣ ባለሥልጣናት ቀርተው አትሌቶች ብቻ ቢሄዱስ? ሀሳቡን ያቀረበችው ያችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። በዚህኛው ግን ደጋፊ ወገን ሆና መከራከር እንደምትፈልግ ነግራኛለች።