ቀለበትህን አውልቅ

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክኸው የድሮው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ቪዲዮ ደርሶኛል። በዚያው ሳምንት አክስትህም ደወለች። ይህን ያስጻፈኝ የሁለቱ መገጣጠም ነው።

ከአክስትህ ልጀምር። የቡና ሲኒ ከእጅህ ወድቆ ተሰበረ አለችኝ። ደብል፣ ሁለት ፈረቃ አከታትሎ፣ እየገባ ነው፣ ሌሊት ጣቶቹ ደንዝዘው ይቀሰቅሱታል አለች። ለምን ለእኔ አልነገርከኝም? ተቆጥቼ አይደለም። ተቆጥቻለሁ እንጂ፣ ምን ያስዋሸኛል።

ቪዲዮውን የእህትህ ልጅ ከፍቶልኝ ሦስት ጊዜ አየሁት። ሃይላንድ ፓርክ፣ ዲትሮይት የከበባት ያቺ ትንሽ ከተማ አይደለች? አንተ ካለህበት ብዙ አትርቅም። መጀመሪያ የገረመኝ ጥድፊያቸው ነው፤ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳሉ። ልጁ ሳቀብኝ። ያኔ ካሜራው በእጅ እየተዘወረ በሰከንድ 16 አካባቢ ሥዕል ነበር የሚያነሳው፤ ዛሬ በ24 ሲያሳዩት ነው ሰው የሚሮጥ የሚመስለው አለኝ። ትንሽ ቀለል አለኝ።

ማግኔቶዋ ላይ ስደርስ ግን አስቁም አልኩት። ለሞተሩ እሳት የምትሰጠዋ ናት፤ የስንቱን ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ፎርድ ቤት በፊት አንድ ሰው ብቻውን በ20 ደቂቃ ይጨርሳት ነበር ብለህ ጽፈህልኛል። በ1913 እ.ኤ.አ. ለ29 ሰው አከፋፍለው 13 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ አደረጓት። ቀጥሎ ሻንሲውን፣ መኪናው የሚገጣጠምበትን የብረት አጽም፣ በገመድ መጎተት ጀመሩ። 12 ሰዓት ተኩል የሚፈጀው በወራት ውስጥ 1 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ሆነ። ከአንድ ሞተር ጋር ውዬ የማድር ሰው ነበርኩና እጄን በአፌ ጫንኩ።

ያ ብቻውን ይሠራ የነበረው ሰውዬ ግን ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሁለት ዳዶ ብቻ ሲያጠብቅ ሊውል ነው። ማታ ዛሬ ምን ሠራህ ቢሉት ምን ይመልሳል? በዚያ ዓመት 14,000 ሠራተኛ ለማቆየት 52,000 ሰው መቅጠር ነበረባቸው። ሰው እየጣለ ይሄዳላ! በቀጣዩ ዓመት ጥር የቀን ክፍያውን 5 ዶላር ያደረጉት ወደው እንዳይመስልህ። አንተም ደህና ይከፍላሉ ትለኛለህ። አውቃለሁ። የላክኸው ብር የጣሪያውን ቆርቆሮ ቀይሮልናል፤ ዘንድሮ ዝናብ አልገባብንም።

አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው አለ፤ አየኸው? ወደ ካሜራው ዞሮ ይስቃል። እጁ ግን አልቆመም፤ ያለ እሱ ይሠራል። ጣቱ ላይ ቀለበት አለ። እዚያ ጋ ሰውነቴ ቀዘቀዘ።

ቀለበትህን አውልቅ። የሠርግህን ቀለበት ማለቴ ነው። ማተቤ ላይ አንጠልጥዬዋለሁ እንዳትለኝ፤ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ይይዛል። ማተብህንም ቱታህ ውስጥ ክተት። ጣትህ ካበጠ በኋላ አልወልቅ ይልሃል፤ አሁኑኑ በሳሙና ሞክረው።

የእኔን ጣት ነገር ታውቃለህ። የምታውቀው ግን እውነቱን አይደለም። ቺንጋ ቀይሬ እጄን ከኮፋኖው ሥር ሳላወጣ ረዳቱ ሞተሩን አስነሳው ብያችሁ ነበር። እናትህ ነፍሷን ይማረውና ያንን ልጅ እስክትሞት ስትረግመው ኖረች። ልጁ ምንም አላጠፋም። አስነሳ ያልኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ነበር። ለባለመኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ይደርሳል ብዬ ነበር፤ ስድስት ሰዓት አልፏል። እጄ ውስጥ እንዳለ አስነሳ አልኩት። ቀለበቴን ያዘው።

ባለጋራዡ ሆስፒታል መጥቶ ማን አስነሳው ሲለኝ ልጁ አልኩ። ማን አስነሳ አለው ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። በማግስቱ አባረሩት። 16 ዓመቱ ነበር። ከተባረረ በኋላ በፌስታል አራት ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ጥፍሩ ውስጥ ያለው ግራሶ እንኳ አልለቀቀም። አልጋው ጫፍ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ። እኔም እሺ አልኩት። እሺ! ብርቱካኑን አንተና እህትህ በላችሁት።

ምን ልልህ ነበር? አዎ፣ ሐኪም ጋ ሂድ። የእጅህን ነገር ለአለቃህ በጽሑፍ አሳውቅ፤ በአፍ የተነገረ ይካዳል። ደብሉን በሳምንት ከሁለት ቀን አታሳልፍ። እንቅልፍህ ሲመጣ መኪና አትንዳ። በርበሬና ሽሮ በጎረቤታችን ልጅ ልኬልሃለሁ፤ ሐሙስ ትገባለች፣ ሄደህ ተቀበላት። የእህትህ ጫማ ጠቧታል፤ ቁጥሯ 39 ነው።

የፋብሪካው መስመር ይቆጣኛል፣ ይጠብቀኛል ብለህ አትቸኩል። ቀለበትህን አውልቅ። ሚስትህ ቅር ካላት አባቴ ነው ያለኝ በላት፤ እኔ እደውልላታለሁ። ያስቀመጥክበትን ቦታ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። እጅህንም አንሳው። ሁለቱንም።

አባትህ