ስለ እንዶድ የጻፋችሁት ይታረም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ስለ ዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ትስስር ባወጣችሁት ዘገባ ውስጥ ያስቆጣኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል «በአሜሪካው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተደረሰበት» ብላችኋል።

ውሸት ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶ/ር አክሊሉ ለማ ይህን የደረሱበት እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ነው፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቶሌዶ የገባበት ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ዛጎላም እንስሳ ለማጥፋት። የዚያ አጠቃቀም ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) የተሰጠው ለቶሌዶ ነበር። የአድዋውን ግኝት ጨምራችሁ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ! አጣቢዎቹን ሴቶችማ በአንድ ቃል እንኳ አላነሳችኋቸውም። እናቴ ነጠላ የምታጥበው በእንዶድ ስለነበር ይህ ያመኛል።

ይባስ ብሎ «ተመራማሪዎቻችን ለገበያ የሚሆን ግኝት የላቸውም» ብላችሁ ደመደማችሁ። ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል፣ ገበሬ በጓሮው የሚያበቅለው ፍሬ ምን ጎደለው? የዶ/ር አክሊሉ የሥራ ባልደረባ ዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ የተሻለ የእንዶድ ዝርያ መርጠው አውጥተዋል፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። የጎደለው መሐሉ ነው፤ የመርዛማነት ምርመራው፣ ምዝገባው፣ ከብልቃጥ ወደ በርሜል የሚያሻግረው ገንዘብ። እንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ አረፋ የሚያወጣ ንጥረ ነገር ዓሣም ስለሚገድል ምርመራው የግድ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ወጪው የማን ነው?

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የእንዶድ ጭማቂ ይዤ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ሄጄ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በደንብ አዳመጠኝና «መጀመሪያ የደህንነት ማረጋገጫ አምጪ» አለኝ። ዩኒቨርሲቲው ለምርመራው በጀት የለውም፤ ዕድገት የሚሰጠው በታተመ ጽሑፍ ነው። ፋብሪካው ላልተመዘገበ ነገር አያወጣም። ጭማቂው ፍሪጅ ውስጥ ቀረ። እናንተ ግን ይህን ሁሉ ትታችሁ እኛን ሰነፎች አደረጋችሁን። ዘገባው ላይ የተናገሩት በሙሉ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጡ ኃላፊዎች ናቸው፤ ላብራቶሪ ገብቶ የጠየቀን የለም።

ዓረፍተ ነገሩን አርሙ። በሌላ ጊዜ የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ ብላችሁ ስትዘግቡም፣ የምርመራውን ሂሳብ ማን እንደሚከፍል ፈራሚዎቹን ጠይቁልን።

የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ባለሙያ