ጊታሯን ይዘህ ና

ጓዴ፣

ጠፋህ ብለህ እንዳትጀምረኝ፤ አንተም ጠፍተሃል። እኔ አሁን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ውሃ በፈረቃ፣ ታክሲ በሰልፍ፣ ሌላው ሰላም ነው። እንደው ዝም ብዬ አልጻፍኩልህም፣ ጉዳይ አለኝ። የብሎካችን ልጆች ራፕና ሮክ የሚቀላቅል ባንድ ካላቋቋምን ብለው ይዘውኛል። ቤዝም ድራምም የሚጫወት አላቸው፣ ራፐራቸው እንደ ጉድ ነው የሚያወርደው፣ ግን ዲጄ ስለሌለን ገና ነን ይላሉ።

ቁጭ አድርጌ ራፕና ሮክ ስለሚቀላቅለው የአሜሪካ ባንድ፣ ስለ ሬጅ አጌንስት ዘ ማሽን ነገርኳቸው። አንተ ያኔ እየደጋገምክ ያደነቆርከንን ማለቴ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ 1991፣ ሎስ አንጀለስ። ጊታሪስቱ ቶም ሞሬሎ ሎክ አፕ የሚባል ባንዱ ፈርሶበት ሰው ይፈልጋል። (አባቱ ኬንያዊ ነው ስላቸው ደግሞ ብታያቸው፣ የጎረቤት ልጅ ነዋ አሉ!) ራፐሩ ዛክ ዴ ላ ሮቻ የመጣው ኢንሳይድ አውት ከሚባል የሃርድኮር ባንድ ነው፤ የአዲሱ ባንድ ስም ራሱ ለዚያ ለቀድሞው ከጻፈው ዘፈን የተወሰደ ነው። ቤዚስቱ ቲም ኮመርፎርድ የዛክ የልጅነት ጓደኛ፣ ድራመሩ ብራድ ዊልክ ደግሞ ሎክ አፕ ለመግባት ሞክሮ ያልተሳካለት። መጀመሪያ የተጫወቱት ትልቅ መድረክ ላይ እንዳይመስልህ፣ የሰው ሳሎን ውስጥ ነው። 12 ዘፈን በካሴት ቀድተው ራሳቸው ሸጡ። ሽፋኑ ከጋዜጣ የተቆረጠ የአክሲዮን ዋጋ ነው፣ እሱ ላይ አንዲት የክብሪት እንጨት ተለጥፋለች። እውነተኛ ክብሪት! ይቺ ነገር እስካሁን ትገርመኛለች።

በ1992 ኤፒክ ከሚባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ፈረሙ። በዘፈናችሁ ሥርዓቱን እየረገማችሁ እንዴት ያላቸው ነበር፣ እኔ ግን አልፈርድባቸውም፣ ያለዚያ እኛ ጋ በምን ይደርሱ ነበር?

ልጆቹን ዝም ያሰኛቸው ግን የመጀመሪያው አልበማቸው ላይ ሳምፕልም (ከሌላ ቅጂ የተቆረጠ ድምፅ) ኪቦርድም ሲንተሳይዘርም አልተጠቀምንም ብለው መጻፋቸው ነው። ያ ዲጄ ሸክላ ሲፍቅ የሚመስለው ድምፅ ጊታር ነው በቃ። ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ነገር) ያላት ጊታር ትይዛለህ፣ የአንዱን ቮሊዩም ዜሮ፣ የሌላውን እስከ ጥግ። ከዚያ በአንድ እጅህ ክሩን እያሻሸህ በሌላው የፒክአፕ መቀየሪያዋን ቶሎ ቶሎ ወዲህ ወዲያ ታደርጋታለህ። ድምፁ ይመጣል፣ ይቆረጣል፣ ይመጣል።

ያንተዋ ሁለት ቮሊዩም አላት አይደል? የኔዋ ቦክስ ጊታር ለዚህ አትሆንም። ከአዳማ በፈጣን መንገዱ ስትመጣ መውጫው እኛው ጋ ነው፣ ምክንያት የለህም። ቅዳሜ ከሰዓት ና፣ ጎረቤት የሚታገሰን እስከ 12 ሰዓት ነው። አምፕሊፋየር አለ፣ ኬብል ግን ይዘህ ና፣ የልጆቹ ተበጥሷል።