ብሮውዘር አፕዴት ማድረግ ቲፍ አያስከፍትም

ለአዘጋጁ፦

ስካን የተደረጉ ሰነዶች ብሮውዘር ላይ አልከፈት ስለሚሉበት ምክንያት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ዝም ልል ነበር፣ ግን ያቺ "ካሽና ኩኪ አጥፉ፣ ብሮውዘራችሁን አፕዴት አድርጉ፣ ችግሩ ይፈታል" የምትለዋ አላስቀምጥ አለችኝ። ይፈታል! ለማን ነው የተፈታለት?

እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሰራው። ምስሉ አይታይም የሚባለው ነገር ለናንተ የአንድ ቀን ዜና ነው፣ ለኛ ግን ስልኩ በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ነው። ድሮ ደዋዩ "አፕዴት አድርጌያለሁ እኮ" ይለኝ ነበር፣ አሁን በናንተ ምክር ሳይቶቹ እሱን የሚያስታውሱበትን ኩኪውንም አጥፍቶ፣ ከኢሜይሉም ከሌላውም አካውንቱ ወጥቶ፣ ፓስወርዱ ጠፍቶበት ነው የሚደውለው። ሰነዱ ግን አሁንም አልተከፈተም። እናመሰግናለን።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው። የድሮ ወረቀት ስካን ሲደረግ ብዙ ቦታ የሚቀመጠው ቲፍ በሚባል ፎርማት ነው። ክሮምም ፋየርፎክስም ቲፍን በራሳቸው አይከፍቱም፣ ድሮም አልከፈቱም። ሳፋሪ ይከፍታል። ስለዚ ያው ሊንክ ሳፋሪ ላይ ታይቶ ክሮም ላይ የተሰበረች የምስል ምልክት ብቻ ካመጣ፣ ወይ በመክፈት ፈንታ ዳውንሎድ ካደረገው፣ ነገሩ ካሽም (ብሮውዘሩ ቀድሞ ያስቀመጠው ቅጂ) አይደለም ኔትወርክም አይደለም፣ ፋይሉ በደንብ ደርሷል፣ ብሮውዘሩ ማንበብ አይችልም፣ አለቀ። ዳውንሎድ የሆነውን ኮምፒውተሩ ላይ ባለ የምስል ፕሮግራም መክፈት ነው። አንድ ገጽ ብቻ ካሳየ ደግሞ ሌላው ጠፋ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፣ ቲፍ ብዙ ገጽ በአንድ ፋይል ስለሚይዝ ቀጣዩን ገጽ የሚያሳይ ፕሮግራም መፈለግ ነው። ይሄን የምታክል ነገር ለመጻፍ ቦታ አጥታችሁ ነው?

ታዲያ ድሮ እንዴት ይከፈት ነበር ለሚል፣ በፕለጊን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ በሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ነበር። ክሮም እንደ ፈረንጆቹ በ2015 እነዛን ፕለጊኖች አስወጣ፣ ፋየርፎክስ በ2017 ከፍላሽ በቀር ሌላውን ዘጋ፣ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11ም በ2022 ጡረታ ወጣ። አሁን ገባችሁ? ሰነዱን ያሳይ የነበረውን ያጠፋው ራሱ አፕዴቱ ነው! አፕዴት አታድርጉ እያልኩ አይደለም፣ እነዛ ፕለጊኖች ለደህንነት አስቸጋሪ ስለነበሩ መውጣታቸው ልክ ነው። ካሽ ማጥፋትም ፋይሉ ተቀይሮ አሮጌው ሲታይ ይረዳል። ለሁሉም በሽታ አንድ ኪኒን ማዘዝ ግን ምን የሚሉት ሙያ ነው?

እኔ ራሴ የራሴን ጉዳይ ከአንድ መስሪያ ቤት ሳይት ላይ ልይ ብዬ አልከፈት ሲለኝ ደወልኩ፣ "ኮምፒውተርህ አሮጌ ነው" ተባልኩ። አዲስ ነበር። ችግሩም አዲስ መሆኑ ነበር፣ ምክንያቱም ባልደረባዬ ጋ ያለችው፣ ከነኤክስፕሎረሯ ከነፕለጊኗ የተረሳችው አሮጊት ኮምፒውተር ወዲያው ከፈተችው። ታዲያ ዘገባችሁ ላይ "ተጠቃሚዎች በቂ እውቀት ስለሌላቸው" የምትለዋን ሳነብ ደሜ ቢፈላ ይፈረድብኛል?

እውቀት የሚያስፈልገው ሰነዱን ሳይቱ ላይ የሚጭነው ሰው ነው። ቲፍ የሞኝ ምርጫ አይደለም፣ ይሄንንም ከኛ ሰው ብትጠይቁ ይነግራችሁ ነበር። ኤ4 ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን ሲደረግ 2480 በ3508 ነጥብ ነው፣ ጥቁርና ነጭ እንኳ ሆኖ ሳይታመቅ ከ1 ሜጋባይት ያልፋል፣ ከፋክስ ዘመን የመጣው ግሩፕ 4 የሚባለው ማመቂያ ግን አንዲት ነጥብ ሳያጠፋ ብዙ ጊዜ ወደ አስር ቤት ኪሎባይት ያወርደዋል። ስለዚ ዋናው ቅጂ ቲፍ ሆኖ ይቀመጥ፣ ለህዝብ ማሳያ ደግሞ ፒዲኤፍ ይዘጋጅ። ያው የታመቀ ምስል ሳይነካ ፒዲኤፍ ውስጥ ይገባል፣ ጥራቱ አይቀንስም፣ ክሮምም ፋየርፎክስም ሳፋሪም ይከፍቱታል። ሰርቨሩ ላይ አንዴ ይሰራል፣ በቃ። እሱን ትታችሁ እያንዳንዱ አንባቢ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሴቲንግ ይጎርጉር ብላችሁ ፈረዳችሁ።

ሌላው፣ ማለፍ ያልቻልኩት፣ "ነፃ መቀየሪያ ሳይት ላይ ጫኑት" ብላችኋል። የፍርድ ቤት ውሳኔውን፣ የህክምና ማስረጃውን ከነሙሉ ስሙ ማን እንደሚያስተዳድረው ለማይታወቅ ሳይት ይስጥ? እንግዲያውስ ለምን አባዝቶ መንገድ ላይ አይበትነውም፣ እሱም ነፃ ነው። ኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም "ፕሪንት" ብሎ "ወደ ፒዲኤፍ" ማለት ይቻላል፣ ፋይሉም ከቤት አይወጣም።

"ባለሙያዎች" ብላችሁ ያናገራችኋቸው ሰዎች አሉ፣ ከነሱ መሃል አንድ የመዝገብ ቤት ሰው የለም፣ ሰነዱን ስካን ያደረግነው፣ ስም የሰጠነው፣ ስድቡንም የምንሰማው ግን እኛ ነን። ማስተካከያ የምታወጡ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ፦ አፕዴት ሲደረግ ቲፍ የሚከፍተው የክሮም ቨርዥን ስንት ቁጥር ነው? ቁጥሩን ጻፉት፣ እኔም ለደዋዮቼ እነግራለሁ።

የመዝገብ ቤት ሰራተኛ