ለስቴታችን የሆስፒታሎች ቁጥጥር ኃላፊ፦ ልጄ የሆስፒታል አስተርጓሚ አይደለችም

ክቡር ኃላፊ፣

በእንግሊዝኛ አመለከትኩ። ደጋግሜ ደወልኩ። ዛሬ በአማርኛ ጻፍኩልዎ፤ አስተርጓሚ ፍለጋው እስቲ አንድ ቀን ለእርስዎ ይድረስ።

መልስዎ አጭር ነው። ከካንሰር ሕክምናው በኋላ የባለቤቴ ጉበት መግል መቋጠሩ «የታወቀ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፣ ታካሚውም ፈርመዋል»። እሱ መች ጠፋኝ! የጉበት ካንሰርን በመርፌ ገብቶ በሙቀት ማቃጠል ሊያደማ፣ የሐሞት ቱቦ ሊጎዳ፣ አንጀት ሊበሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የጣሊያን ጥናት ከ2,320 ታካሚዎች 2.2 በመቶው ከባድ ችግር እንደገጠማቸው፣ 6 እንደሞቱ ይናገራል። ጥሩ ሕክምና ነው። የሐኪሙ እጅ ሳተ አላልኩም።

ባለቤቴ የሐሞት ቱቦው ውስጥ ስቴንት፣ ማለትም ቱቦውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቧንቧ፣ አለው። እንዲህ ያለ ሰው ላይ የአንጀት ጀርም ሽቅብ ወጥቶ የተቃጠለውን ሥጋ መግል ያስቋጥራል። ከማንም በላይ ማስጠንቀቂያ የሚያሻው እሱ አልነበረም? ነርሷ የመውጫ ወረቀቱን ያስረዳችው ግን ለ13 ዓመት ልጃችን ነው። የስልክ አስተርጓሚው ቁጥር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፤ ማን ይደውል? ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች «ትኩሳት ይኖረዋል፣ ያለ ነው፣ አትጨነቁ ትላለች» አለችን። እውነቷን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትኩሳት የተለመደ ነው። ካልለቀቀውና ካንቀጠቀጠው በአስቸኳይ ተመለሱ የሚለው ከታች በደቃቁ ተጽፏል። እሱን ማንም አላነበበላትም።

እኛም ታይለኖል እየሰጠን ጠበቅን። በሁለተኛው ሳምንት ጥርሱ እየተንገጫገጨ አልጋው አብሮት ይንቀጠቀጥ ጀመር። በአምቡላንስ ተወስዶ፣ በጎኑ ቱቦ ገብቶ መግሉ ወጣለት። ተረፈ፣ ተመስገን። ልጄ ግን እስካሁን «እኔ ነኝ አይደል ያበላሸሁት?» ትለኛለች። ይህን የትኛው ቅጽ ላይ ልሙላው?

የአሜሪካን የጤና ሕግ (Affordable Care Act) አንቀጽ 1557 ለእርስዎ መጥቀስ ለቀባሪ ማርዳት ነው። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አስተርጓሚ አይደረግም። የዚያን ቀን ድንገተኛ ነገር አልነበረም፤ አልጋው ለሌላ ሰው ስለተፈለገ ብቻ አጣደፉን። ፊርማ ፊርማ የምትሉትስ በማን አስተርጓሚነት ተፈረመ? መግሉ የሕክምናው ጉዳት ይሁን፣ እሺ። ልጅን ማስተርጎም የየትኛው ሕክምና ጉዳት ነው?

ፋይሉን ዘግተነዋል ብለዋል። ይክፈቱት። የዚያን ቀን አስተርጓሚ ተጠርቶ እንደሆነ ሆስፒታሉን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የመልሱንም ግልባጭ ይላኩልኝ።

የታካሚው ባለቤት