የተነቀለው እምቦጭ ዳር ላይ አይቅር፦ ለጣና ዳር ባዮጋዝ የድጋፍ ጥሪ

በአገር ቤትም በውጭም ለምትገኙ የደንቢያና የጎርጎራ ልጆች፣ የጣና ነገር ለሚያሳስባችሁ ሁሉ፤

እምቦጭ ጣናን መውረሩ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም ወዲህ የሐይቁ ዳር ገበሬ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ እየገባ ሲነቅል ኖሯል። የተነቀለው ግን ዳር ላይ ይከመራል። ክረምት ላይ ሐይቁ ሲሞላ ክምሩን መልሶ ይወስደዋል፤ ያበበ ከሆነም ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ያ ሁሉ ጉልበት መና ሲቀር ማየት ያንገበግባል።

እናቶቻችን ደግሞ እንጨት ስለጠፋ እበት ጠፍጥፈው ኩበት ያነዳሉ። ለማሳው የሚገባው እበት ምድጃ ውስጥ አመድ ሆኖ ይቀራል፣ ገበሬው በውድ ዋጋ ዩሪያ ይገዛል። ጭሱ ዓይናቸውን ምን እንደሚያደርገው ለእናንተ አይነገርም።

ያሰብነው ሁለቱን አንድ ላይ ማብላላት ነው። እበት በእኩል መጠን ውሃ ተበጥብጦ፣ ከተከተፈ እምቦጭ ጋር ከመሬት በታች በተገነባ የባዮጋዝ ማብላያ ውስጥ ይገባል። አየር በሌለበት ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ምድጃ ድረስ ይመጣል፤ የሚተርፈው ዝቃጭ ማዳበሪያ ይሆናል። እምቦጩ ሳይከተፍ ከገባ ግን ይንሳፈፍና ከላይ እንደ ቅርፊት ደርቆ ጋዙን ያፍነዋል። ስለዚህ ሥሩ ተቆርጦ ግንድና ቅጠሉ በደንብ መድቀቅ አለበት። ያበበውን ጭራሽ አንጨምርም፤ ዘሩ ከዝቃጩ ጋር ማሳና ቦይ ውስጥ እንዳይገባ።

ይህ ብቻውን ጣናን አያድንም። እምቦጭ ከአስር እጅ ዘጠኙ ውሃ ነው፤ አንድ ቤት የሚጠቀመውም ከሐይቁ ከሚወጣው አንጻር ጥቂት ነው። እንጀራ መጋገርም ለትንሽ ማብላያ ይከብደዋል። ወጥና ቡናው ግን ያለ ጭስ ይሠራል፣ ማሳውም ድርሻውን ያገኛል።

የምንጀምረው አራትና ከዚያ በላይ ከብት ባላቸው፣ ውሃ በሚቀርባቸው ስድስት ቤቶች ነው። ቁፋሮው፣ ድንጋዩና አሸዋው የባለቤቶቹ ነው። የጎደለን ሲሚንቶ፣ ቧንቧ፣ ምድጃ፣ የግንበኛ ደመወዝና ከሁሉም በላይ ስድስቱም ቤት በጋራ የሚጠቀምበት የመክተፊያ ማሽን ነው። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር የብረታ ብረት ሥራ ያላችሁ ማሽኑን ብትሠሩልን ከገንዘብ እኩል እንቆጥረዋለን።

ገንዘቡ የሚገባው በማህበራችን ሂሳብ ነው፤ ያለ ሦስት ሰው ፊርማ አይወጣም፤ ደረሰኙ በየወሩ በቴሌግራም ግሩፓችን ይለጠፋል። ሲሚንቶውን የምንገዛው በየካቲት ስለሆነ የምትችሉትን እስከ ጥር መጨረሻ አሳውቁን።