ተኩላዋ ለምን ዞራ ታያለች?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከሙዚየሙ የላክሽልኝን የሁለቱን የሮማ ሳንቲሞች ፎቶ ስልኬ ላይ እያጎላሁ ሳይ አመሸሁ። እናትሽ «ደግሞ ዛሬ ምን አገኘህ?» ብላ ስትስቅብኝ ነበር።

«አባዬ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ነሐስ ላይ ይሄን ሁሉ እንዴት አስገቡት?» ብለሻል። ዕድሜዬን ማኅተም ስቀርጽ የኖርኩት ሰውዬ የምመልስልሽ አጭር ነው። ብዙ ነገር ትተው ነዋ! ተኩላዋን እያት። በአፈ ታሪኩ ተኩላ ያሳደገቻቸው የሮም መሥራቾች፣ መንትዮቹ ሮሙለስና ሬሙስ፣ ሥሯ ሆነው ይጠባሉ፣ ከጀርባዋ በላይ ሁለት ኮከቦች አሉ፣ በቃ። ዛፍ የለ፣ ዋሻ የለ። ከታች ካሉት ጥቃቅን ፊደላት በቀር ጽሑፍም የለም። ቀራጩ አንገቷን ወደ ልጆቹ አዞረው። ይቺን ብልሃት ወደድኳት። አንገቷን ወደ ፊት ብትዘረጋ ክቡ ይጠባት ነበር። ደግሞም ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ እናት መሆኗ ይገባዋል። ይሄን ሁሉ የሳንቲሙ መምቻ ላይ የቀረጸው ገልብጦ ነው፤ ቀኙን ግራ፣ እብጠቱን ጎድጓዳ አድርጎ። ይህ ዓይን ያጠፋል፣ እኔን ጠይቂኝ።

ሳንቲሙ የተመታው ታላቁ ቆስጠንጢኖስ እ.ኤ.አ. በ330 ቁስጥንጥንያን ባስመረቀበት ሰሞን ነው። በሌላው ገጽ የራስ ቁር የደፋችው ሴት ሮም ራሷ ናት። የንጉሡ መልክም ስሙም የለበትም። ለአዲሲቱ ከተማም እንዲሁ አሠርቷል፤ እዚያኛው ላይ ድል የምትባለው ባለ ክንፍ አምላክ እግሯን መርከብ አፍንጫ ላይ አድርጋ ቆማለች። የተኩላዋ ሳንቲም አሮጊቷ ከተማ ሮም እንዳታኮርፍ የተሰጣት ማባበያ ነው የሚመስለኝ።

የላክሽልኝ ሁለተኛው ሳንቲም የቆስጠንጢኖስ ልጅ የዳግማዊ ቆንስታንቲዮስ ነው። አዎ፣ በአባ ሰላማ ጉዳይ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ የጻፈው ያው እሱ። ወታደሩ ከፈረስ የሚወድቀውን ጠላት በጦር ይወጋል፤ ዙሪያውን «የደስታ ዘመን ተመለሰ» ተብሎ ተጽፏል። ደስታው ለማን እንደሆነ እንጃ! ጋሻው፣ ጦሩ፣ ፈረሱ፣ ሰዉ ተደራርበው መለየት አቃተኝ። ለኔ ቢሰጠኝ ግማሹን አወጣው ነበር።

ተመልሰሽ ከሄድሽ ከተኩላዋ እግር ሥር ያሉትን ፊደላት ቀረብ ብለሽ አንሺልኝ። የተመታበትን ከተማ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ትሪር ይሁን አንጾኪያ ማወቅ አማረኝ። ፍላሹን ግን አጥፊው፤ መስታወቱ አብረቅርቆ ሸፍኖብኛል።

አባትሽ